የልብስ ሰፊው ሁለተኛ ጥያቄ

በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር መግቢያ፣ የጦሳ ተራራ ጉሙን እስከ ጉልበቱ ተከናንቦ ደሴን ቁልቁል በሚያይበት በአንድ ብርዳም ጧት፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊው ሀፊዝ የሱቁን መዝጊያ ሳይከፍት ወጥቶ የአንዲት ልጅ በር አንኳኳ። ከተማይቱ ከጦርነቱ ከወጣች ገና መተንፈሷ ነው፤ የተሰበረ መስታወት በየደጁ ተጠርጎ ተከምሯል፤ መብራት ይመጣል ይሄዳል፤ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሰላምታው አስቀድሞ «ቤተሰብ ተረፈ?» እያለ ይጠያየቃል፤ መልሱን ለመስማት ግን ይፈራል።

ልጅቱ እስከዳር ትባላለች። «ጦሳ ድምፅ» በተባለ አነስተኛ የማኅበረሰብ ራዲዮ ዜና አንባቢ ነበረች። ነበረች መባሉ ጣቢያው ዕቃው ተዘርፎ ስለተዘጋ ብቻ አይደለም፤ ድምፅም ስለሌላት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙበት በዚያ በጥቅምት መጨረሻ ሰሞን ጉሮሮዋ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ከሹክሹክታ በቀር አንዲት ቃል አልወጣትም። ሐኪሙ አፏን አስከፍቶ በመብራት አየና «ጉሮሮሽ ጤነኛ ነው» ብሎ አሰናበታት። ጤነኛ! ሰው በጤናው ዲዳ ይሆናል እንዴ? እሷ ግን አልተከራከረችም፤ በምኗ ትከራከር?

«እስኩ፣ እኔ ነኝ፤ አብሽሪ፣ ክፉ ወሬ ይዤ አልመጣሁም» አለ ሀፊዝ በሩ ሲከፈት። ከዚያ ደግሞ የተናገረውን ራሱ ታዘበውና ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ማለቴ፣ ክፉው ወሬ ድሮም ያለ ነው። እኔ የመጣሁት ልለምንሽ ነው።»

ሀፊዝና እስከዳር እንዴት እንደሚተዋወቁ ሳይነገር የልመናው ክብደት አይገባም።

በዚያው ሰፈር፣ ከሀፊዝ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ጋሽ አግማስ የሚባሉ የድምፅ መምህር ነበሩ። ሰውየው የቄስ ልጅ ናቸው፤ ትንፋሽ መያዝን ከአባታቸው ዜማ ተማሩ፤ በጎረምሳነታቸው በኪነት ጓድ ሲዘፍኑ ኖሩ፤ ከዚያም አልበቃ ብሏቸው መንዙማ አውራጅ ሼሆች ደጅ እየሄዱ፣ አንድን ስንኝ ሳያቋርጡ እንዴት እንደሚያወርዱት ሲያዳምጡ ከረሙ። ካረጁ በኋላ አንዲት ክፍል ቤታቸውን ትምህርት ቤት አደረጓት። ወደ እርሳቸው የሚመጣው ሁለት ዓይነት ሰው ነበር፤ ዘፋኝና ራዲዮ ተናጋሪ። የሠርግ ዘፋኟ ቢልቂስ ስትመጣ በሁለተኛው ዘፈን ላይ የምትሻክር ነበረች፤ ከጋሽ አግማስ እጅ ከወጣች በኋላ ግን ሠርጉን ሙሉ ዘፍና በማግሥቱ ገበያ ላይ በጥሩ ድምፅ ዋጋ ትከራከር ነበር።

ትምህርታቸው ለሰሚው ጨዋታ ይመስላል። ተማሪውን በጀርባው አስተኝተው ሆዱ ላይ መጽሐፍ ያስቀምጣሉ፤ ሲተነፍስ መጽሐፉ ከፍ ዝቅ ይበል እንጂ ትከሻው እንዳይነቃነቅ። እርሳስ በጥርሱ አስነክሰው ጋዜጣ ያስነብባሉ፤ እርሳሱ ሲወጣ ምላስ እንደ ተፈታ ጥጃ ትቦርቃለች። የሚጠብቀውን አጥብቅ፣ የሚላላውን አላላ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አታንሾካሹክ፤ ሹክሹክታ ጉሮሮን ከጩኸት ይልቅ ይጎዳዋል ይሉ ነበር።

ፈተናው ግን የሀፊዝ ነው። ጋሽ አግማስ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ተማሪውን ደፉ ላይ ያቆሙታል፤ ሳይጮህ፣ በተራ ድምፁ፣ ባጃጁ በሚንጫጫበት መንገድ ማዶ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነብባል። ሀፊዝ የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ የሰማውን ቃል በቃል ይደግማል። የጎደለ ካለ ያችው ዓረፍተ ነገር እንደገና ትነበባለች። እስከዳር መጀመሪያ የቃል ጫፍ የምትውጥ ልጅ ነበረች። «አንቺ ‹ገበሬዎች› አልሽ፤ እኔ ዘንድ የደረሰው አንድ ገበሬ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን የት ጣልሻቸው?» እያለ ያሾፍባት ነበር። እሷም እያለቀሰች ደገመች፤ እየሳቀች ደገመች፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ሀፊዝ መርፌውን ኮቱ ላይ ሰክቶ ከመንገድ ማዶ ተነሣና «ወላሂ፣ ጎኔ ቁጭ ብለሽ የነገርሽኝ ያህል ነው! አንዲት ቃል አልወደቀችም» አለ። ጋሽ አግማስም ግንባሯን ሳሟትና የመጨረሻውን ትምህርት ሰጧት፤ «ወደ ማይክራፎን ስትገቢ ፍርሃትሽን እንደ ጫማ ደጅ አውልቀሽው ግቢ።»

እሷም አውልቃ መግባት ለመደች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ኮራባት፤ «የሀፊዝ ምስክር አለባት» ይባል ነበር። ጥርት ብሎ የተሰማ ነገር ሁሉ እውነት እየመሰላቸው ሄደ፤ የሁሉም ስሕተት እዚህ ላይ ነው።

በጥቅምት፣ ተኩሱ ከሩቅ መሰማት በጀመረ ጊዜ፣ ከአንድ ቢሮ የተላከ ወረቀት ጣቢያው ደረሰ። የጻፈው ሰው ምናልባት ያመነበት ይሆናል፤ እሱም ራሱ ቤተሰቡን ይዞ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበረ ይባላል፤ እንግዲህ በደሉን ለማን እንደምንሰጥ አላህም እግዜርም ይወቀው። እስከዳር እንደተማረችው ፍርሃቷን ደጅ አውልቃ ገባች፤ ስታነብ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ክቡራንና ክቡራት የከተማችን ነዋሪዎች፤ ከተማችን ሰላም ናት። በሚናፈሰው ወሬ ሳትደናገጡ በየቤታችሁ ተረጋግታችሁ እንድትቆዩ እናሳስባለን።» ይህንን ቀርጸው በራዲዮ ደጋገሙት፤ ድምፅ ማጉያ በጫነች መኪናም እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ወሰዱት። በማግሥቱ ከተሞቹ ተያዙ።

ጋሽ አግማስ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። በተዘጋችው ከተማ መድኃኒቱ ጠፋ፤ እስከዳርም አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሲያልቁ አየች። ከመሞታቸው በፊት እጇን ይዘው፣ ያ ሁሉ የተገራ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ እያለባቸው፣ «አንድ ትምህርት አስቀርቼብሻለሁ» አሏት። «አፍ እንዴት እንደሚከፈት አስተማርኩሽ፤ መቼ እንደሚዘጋ አላስተማርኩሽም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።» እሷ ልትመልስላቸው ስትል ነው ድምፅዋ እንደሌለ ያወቀችው።

ከዚያ በኋላ የራሷ ድምፅ ከውጭ ይከተላት ጀመር። ውሃ ስትቀዳ በባልዲው ውስጥ፣ ባጃጅ ሲያልፍ ከሞተሩ ሥር፣ አንዳንዴም እንዲያው በዝምታው ውስጥ ይመጣል፤ ክቡራንና ክቡራት የከተማችን ነዋሪዎች። ረጋ ያለ፣ የጠራ፣ አንዲት ቃል የማይወድቅበት። ጆሮዋን ብትይዝም አይተዋትም። ድምፄ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ባረፍኩ፤ ከእኔ ወጥቶ ለብቻው እየኖረ ነው ብላ ታስብ ነበር፤ አሳቡም ያስፈራታል።

እንግዲህ በዚያ የጥር ጧት ሀፊዝ ደጇ ላይ ቆሞ ልመናውን ተናገረ።

«እኅቴን ሐዋን አታውቂያትም፤ ገራዶ ነው የምትኖር። ልጇ በሺር ኮምቦልቻ ደረቅ ወደቡ ላይ ጫኝ ነበረ። ሞቷል። የቀበሩት ሰዎች ዘንድ ራሴ ወርጄ አጣርቻለሁ፤ መቃብሩንም አይቻለሁ።»

«አላህ ይዘንለት» አለች እስከዳር በሹክሹክታ።

«አሚን። ነገር ግን እናቱ አላምንም አለች። መንገዱ እንደተከፈተ አንዱ መጥቶ ሞቷል አላት፤ አለቀሰች። ሌላው መጥቶ ደብረ ብርሃን ከተፈናቃዮቹ ጋር አይቼዋለሁ አላት፤ ለቅሶውን አቁማ ጎረቤት ጠርታ ዱዓ አስደረገች። አሁን ሽማግሌ ብንልክ ታባርራለች። ሚስቱ ፈትሂያ አራስ ናት፤ እኅቴ ቤት መጥታ ብትነግራት፣ ‹ሬሳውን አይተሻል?› አለቻት። ልጅቱ የት ታየዋለች? ጎረቤት አንሥቶ ቀበረው፤ ሴት ቀብር አትወጣ። ‹አላየሁም› ስትላት፣ ‹እንግዲያው በቤቴ አታለቅሽብኝም› አለቻት። ይኸው ፈትሂያ ለባሏ ሐዘን ሳትቀመጥ፣ ሳታለቅስ፣ ጡቷ እየደረቀ ትኖራለች። እኅቴ ራዲዮዋን ከፍታ ቀን ከሌት ትጠብቃለች።»

«ምን ትጠብቃለች? ጣቢያው እኮ የለም» አለች እስከዳር።

«አንቺን ነው የምትጠብቀው» አለ ሀፊዝ፤ ድምፁም ወረደ። «‹የራዲዮኗ ልጅ ራሷ ካልነገረችኝ አላምንም› ብላለች።»

«ለምን እኔን?»

ሀፊዝ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሻሸው ጀመር። ሰውየው ጨርቅ ሲቆርጥ እንኳ እንዲህ ሲያመነታ ታይቶ አይታወቅም። «በሺር ያን ቀን ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ፣ እርጉዝ ሚስቱን ይዞ ሊወጣ ነበር። ያንቺን ንግግር ሰማ። ደወለልኝ፤ ‹አጎቴ፣ ይቺ ያንተዋ ልጅ ናት ወይ?› አለኝ። ‹እሷ ናት› አልኩት። ‹ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ አውቃታለሁ፤ ዕቃህን አውርድ› አልኩት። አወረደ። ከሁለት ቀን በኋላ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ተመታ።»

እስከዳር የበሩን መቃን ያዘች። «እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሽ ሀፊዝ?»

«አብሬሽ ስላለሁበት ነዋ! ፊቴን አላየሽውም? አፈር ስሆን ነይልኝ። እኔ ብነግራት፣ ‹አውርድ ያልከው አንተ ነህ› ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።»

«ድምፅ የለኝም እኮ።»

«ያለሽን ይዘሽ ነይ» አለ።

ቀኑን ሙሉ ስትታመስ ዋለች። መሄድ ማለት በእናቲቱ ፊት ገዳይ ሆኖ መቆም ነው፤ መቅረት ማለት ደግሞ ያችን አራስ በድን አድርጎ መተው ነው። በዚያ ላይ ድምፅዋ ቢመለስላትስ? ያንን ድምፅ ማንም ፍጡር ዳግመኛ አይሰማውም ብላ በልቧ ምላ ነበር፤ ዝምታዋ ቅጣትም መደበቂያም ሆኗት እንደነበር የገባት ያን ዕለት ነው።

በማግሥቱ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ መርዶ በሚነገርበት በዚያ በማለዳው ሰዓት፣ ሽማግሌዎቹና ሀፊዝ እስከዳርን መሐል አድርገው ገራዶ ወይዘሮ ሐዋ ግቢ ገቡ። ገና ከደጅ አንድ ድምፅ ተቀበላቸው፤ ጣቢያ የሌለበት ራዲዮ ሹሹታ። ወይዘሮ ሐዋ በመደቡ ላይ ሻሻቸውን አስረው ተቀምጠዋል፤ ራዲዮዋ ጭናቸው ላይ ናት፤ ፈትሂያ ሕፃኑን አቅፋ ከጥጉ ዐይኗን አፍጥጣ ታያለች። ቤቱን ሙሉ ያ ሹሹታ ብቻ ነበር የሚናገረው። እስከዳርም ከዚያ ሹሹታ ውስጥ የራሷን ድምፅ ሰማች፤ ከተማችን ሰላም ናት።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የሰፈሩ ሼህ።

«ወዐለይኩም ሰላም። ደግሞ በማለዳ መጣችሁ?» አሉ ወይዘሮ ሐዋ። «የራዲዮኗን ልጅ ሳታመጡ አትምጡ አላልኳችሁም?»

«አምጥተናታል፣ እትዬ» አለ ሀፊዝ፤ እስከዳርንም በእጁ አመለከታት።

እስከዳር አፏን ከፈተች። «እናቴ…» አለች፤ ነገር ግን የወጣው ከራዲዮኑ ሹሹታ የማይሻል ሹክሹክታ ነው።

ወይዘሮ ሐዋ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና ወደ ሀፊዝ ዞሩ። «ኧረ በአላህ! አሁንም ልታታልለኝ? የታመመች ልጅ አምጥተህ እሷ ናት ትለኛለህ? የዚያችን ልጅ ድምፅ እኔ አላውቀውም? ልጄን ያስቀረ ድምፅ ይጠፋኛል? ውሰዷት፤ ቤቷ ወስዳችሁ ትኩስ ነገር ስጧት።»

ፈትሂያ ከጥጉ አንዲት አጭር የጣር ድምፅ አሰማችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሼሁ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው ለመውጣት ዘወር አሉ። ሀፊዝ ደፉ ላይ ቀረ፤ ልክ እንደዚያ ዘመን፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ እንደሚያዳምጥ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ እስከዳርን አያት።

ያኔ ነው የጋሽ አግማስን ድምፅ የሰማችው። እንደ ራሷ ድምፅ አልነበረም፤ እንደ ጥላ አልተከተላትም፤ አጠገቧ ቆመው እንደሚያርሟት ሆኖ ነው የመጣው። እግርሽን ትከዪ። ትከሻሽን ልቀቂው። ከሆድሽ። አታንሾካሹኪ። ልቧ እምቢ ብሎ ሳለ ገላዋ ታዘዘ፤ ዓመታት ሙሉ በመጽሐፍ ክብደት የተገራው ሆዷ ተነፋ፤ ጎድኖቿ ተከፈቱ፤ ጉሮሮዋም እንደ ዛገ ቁልፍ ጠጠር አለና ተከፈተ። አንድ ነገር ብቻ የተማረችውን ተላለፈች፤ ፍርሃቷን ደጅ አላወለቀችውም፤ እንደያዘችው ቆመች።

«ወይዘሮ ሐዋ፤ የምነግርዎ እስከዳር ነኝ» አለች።

የወይዘሮ ሐዋ እጅ ራዲዮዋ ላይ ደረቀ።

«ልጅዎ በሺር ሞቷል። በጥቅምት መጨረሻ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ለሚስቱ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ በተኩስ ተመታ። ጎረቤቶቹ ከፍነው፣ ሰግደውበት፣ በክብር ቀብረውታል። ደብረ ብርሃን ታየ የተባለው ሌላ ሰው ነው። ከተማችን ሰላም ናት ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የማላውቀውን ነው ያነበብኩት። ይህን ግን አውቄ ነው የምነግርዎ።»

አንዲት ቃል አልወደቀችም። ደጅ የቆሙት ጎረቤቶች እንኳ፣ ከአጥር ወዲያ ያሉት፣ ቃል በቃል ሰሙት።

ወይዘሮ ሐዋ የራዲዮኑን ቁልፍ በጣታቸው ያዙና ቀስ አድርገው አዞሩት፤ ቀጭ አለ፤ ሹሹታው ቆመ። በዚያ ቤት ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያው ጸጥታ ያ ነበር።

«እሷ ናት» አሉ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

ፈትሂያ ጮኸች። ያ የታመቀ ለቅሶ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ወጣ፤ ሕፃኑም አብሯት አለቀሰ፤ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡ። ሀፊዝ ደፉ ላይ ተንበርክኮ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። እስከዳር ግን በቆመችበት ቀረች፤ ለመውጣትም ለመቀመጥም ፈቃድ ያላት አልመሰላትም።

ወይዘሮ ሐዋ ቀና ብለው አይዋት። «ልጄ በዚያ ድምፅ ቀረ፤ በዚያው ድምፅ ሸኘሽልኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም፤ ሆዴ ገና አልነገረኝም፤ አላህ ያውቃል» አሉ። ከዚያ በመደቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። «አሁን ግን አትቁሚ። ለቀስተኛ ነሽ፤ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች፤ አለቀሰችም፤ በሙሉ ድምፅዋ።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች ደሴና ኮምቦልቻ የተያዙበትንና የተለቀቁበትን ቀን በትክክል መዝግበዋል፤ የፋብሪካውን ጉዳት፣ የመንገዱን፣ የጦሩን አመጣጥ ጽፈዋል። አንድ ጫኝ ዕቃውን ከአይሱዙ ላይ ስለምን እንዳወረደ፣ ገራዶ ውስጥ አንዲት እናት ባዶ ራዲዮ ምን ያህል እንዳዳመጠች የጻፈ ግን የለም፤ የሚጻፍም አይመስልም። ታሪክ ትልቅ ትልቁን ነው የሚሰማው፤ ትንሹ እንደ ቃል ጫፍ ይዋጥበታል።

ነገር ግን ቧንቧ ውሃ የሄደ ሰው የጋሽ አግማስን ቤት ዛሬም ክፍት ያገኘዋል። እስከዳር ወደ ራዲዮ አልተመለሰችም፤ ታስተምራለች። ዘፋኙም ተናጋሪውም ይመጣል፤ መጽሐፉ ሆድ ላይ ይቀመጣል፤ እርሳሱ ይነከሳል፤ ከዚያም በሩ ወለል ብሎ ይከፈትና ተማሪው ደፉ ላይ ቆሞ ያነብባል። ሀፊዝ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ጆሮው ግን አልደከመም። መኪናውን አቁሞ የሰማውን ቃል በቃል ይደግማል። ተማሪው አለፍኩ ብሎ ፈገግ ሲል፣ ሽማግሌው መርፌውን ኮቱ ላይ ይሰካና፣ ድሮ ያልነበረውን ሁለተኛ ጥያቄ ከመንገድ ማዶ ይጠይቃል።

«ሰምቼሃለሁ፣ ልጄ። እውነት ነው ወይ?»

መልስ የሌለው ተማሪ ወደ ውስጥ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ዓረፍተ ነገሯም የዚያን ዕለት ሁለተኛ አትነበብም።